በጆሮ የተነገረ ልክ

ትናንት በአራዳ ሳልፍ፣ በአንድ ልብስ ቤት መስታወት ውስጥ የቆመችውን የፕላስቲክ ሴት አየሁ። ቀሚሱ ለእሷም ሰፍቷት ከጀርባዋ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። ከውስጥ የአዲስ ጨርቅ ሽታ መጣ። ሳልገባ አለፍሁ።

ልጅ ሳለሁ እኔና ታናሽ እህቴ ለኢድ አንድ ዓይነት ቀሚስ ነበር የምንለብሰው። አንድ ዓመት ግን ልብስ ቤት ገብተን፣ ሻጯ ለእህቴ ልኳን ካወጣች በኋላ እኔን ከላይ እስከ ታች አይታ፣ "ለእሷ የሚሆን ትልቅ ልክ አይመጣልንም" አለች። እናቴ እጃችንን ይዛ ወጣች። ጨርቅ ገዝታ አያ ሰይድ ዘንድ ወሰደችን።

አያ ሰይድ በረንዳ ላይ የሚሰፉ ሽማግሌ ነበሩ። ሲለኩ ቁጥሩን ጮክ ብለው ይጠራሉ፤ ባለቤታቸው በጠመኔ ጨርቁ ላይ ይጽፋሉ። የእህቴን ደረትና ወገብ መንገደኛው ሁሉ ሰማ፤ እሷ ትስቃለች።

ተራዬ ሲደርስ እንባዬን አዩት።

"ምነው ልጄ? ጨርቅ ነው ለሰው የሚቆረጠው፣ ሰው ለጨርቅ አይቆረጥም። ሸጋ አድርጌ እሰፋልሻለሁ" አሉኝ።

ልቤ ቀለል አለኝና እጄን ዘረጋሁ። ሜትሩን በወገቤ አዞሩት። ከዚያ ወደ ባለቤታቸው ጠጋ ብለው ቁጥሩን በጆሯቸው ነገሯቸው።

ቀሚሱ በእውነት ሸጋ ነበር። የሻጯን ፊት ዛሬ አላስታውሰውም። ልብስ ሰፊ ፊት እጄን በዘረጋሁ ቁጥር ግን፣ ጆሮዬ አሁንም ድምፁ ዝቅ እስኪል ይጠብቃል።