ጣት ያረፈበት በሶ

ይህ የሆነው ሮም ውስጥ፣ ቶር ፒኛታራ የሚባል ሰፈር ከታናሽ እህቴ ከጽጌ ጋር ስንኖር ነው። ዓመታት አልፈውታል። ጾመ ነነዌ በገባ ቁጥር ግን ትዝ ይለኛል፤ ሕልም ይሁን እውን አንዳንዴ ለራሴም ይምታታብኛል።

ያን ጊዜ ጽጌ አኩርፋኝ ነበር። ፔርሜሶዋ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ እስኪወጣ ብዬ የእናታችንን መርዶ ሁለት ወር ደበቅኳት። ስትሰማ "ብቻሽን አልቅሰሽ ጨረስሽ" አለችኝና ከዚያ ወዲያ ዘጋችኝ። በዚያ ላይ ቅዳሜ ጠቅልላ ጀርመን ልትሄድ ነው። ተኮራርፈን ልንለያይ ነው እያልኩ ሰነበትኩ።

ፊት ለፊታችን ከቱርክ ተራራማ አገር የመጡ ሲኞራ ኤሊፍ የሚባሉ አሮጊት ይኖሩ ነበር። "አሌቪ ነን" ይላሉ፤ እኔ ሙስሊም መሆናቸውን እንጂ ሌላ አላውቅም። ነነዌን በፈታን ማግስት፣ ሐሙስ ከሰዓት፣ በጨርቅ የተሸፈነ ትሪ ይዘው መጡ። እሳቸውም ሦስት ቀን ጾመዋል።

"ረመዳን ገና ነው እኮ" አልኳቸው።

ሳቁ። "የሂዝር ጾም ነው። በግራጫ ፈረስ እየዞረ ለጨነቀው የሚደርስ ቅዱስ ነው።" ግድግዳው ላይ ያለውን የቅዱስ ጊዮርጊስን ሥዕል ሲያዩ በጣታቸው አመለከቱት። "ይኸው፣ እሱ ነው። እናቴ ጾሙን ከአርመን ጎረቤቶቻችን ነው የወሰድነው ትል ነበር። አባቴ ደግሞ የራሳችን ነው ይል ነበር። አሎራ፣ እንግዲህ ማን ያውቃል?"

ትሪው ላይ ያለው የተቆላ እህል ዱቄት ነው፤ እኛ በሶ የምንለው። ማንም ሳይነካው ያድራል፤ ሂዝር ከመጣ ምልክት ይተውበታል፤ ጠዋት ለጎረቤት ይታደላል። የልጅ ልጆቻቸው እንዳይነካኩባቸው እኛ ጋ አሳደሩት።

ንጋት ላይ ለሥራ ስነሳ ኩሽናው በበሶ ሽታ ታውዷል። የእናቴ ጓዳ የገባሁ መሰለኝ። እንቅልፌ ሳይለቀኝ ጨርቁን ገለጥኩና እንደ ልጅነቴ ጣቴን ሰድጄ ላስኩ። ዘወር ስል ጽጌ በሩ ላይ ቆማለች። አይታኝ ወደ ክፍሏ ተመለሰች።

ሲኞራ ኤሊፍ መጥተው ጨርቁን ሲገልጡ ዱቄቱ ላይ የጣት ምልክት አዩ። "ማንም አልነካውም?"

ጽጌ ቀደመችኝ። "ማንም አልነካውም" አለች።

አሮጊቷ ትሪውን ስመው አለቀሱ። ሊያቀምሱን ዘግነው ግን እጃቸውን ሰበሰቡ። "እኛ ዘንድ የተጣላ ሳይታረቅ አይቀምስም። እናንተ ደህና ናችሁ?"

እኛስ ብንሆን ሳይታረቁ መቁረብ አለ? አንገቴን ደፋሁ።

"አብረን ማልቀስ ነበረብን" አለች ጽጌ።

"ይቅር በይኝ" አልኳት። ያን ቀን ሥራ አረፈድኩ። እናታችንን አብረን አለቀስናት፤ ሲኞራ ኤሊፍም መሃላችን ተቀምጠው አለቀሱልን።

ቅዳሜ ጽጌን ሸኘኋት። ሰኞ ሕሊናዬ አላስችል ብሎኝ እውነቱን ለሲኞራ ነገርኳቸው። ይቆጣሉ ብዬ ነበር። ጣቴን ያዝ አድርገው "ሂዝር በሰው እጅ ምልክት አይተውም ያለሽ ማን ነው?" አሉኝ።

ዛሬ እሳቸው በሕይወት የሉም። ጽጌ ግን በየነነዌው ትደውላለች። "አንቺ ሌባ፣ ጣትሽ ደህና ነው?" ትለኛለች። ደህና ነው እላታለሁ። መጀመሪያ አፍርበት ነበር፤ አሁን አላፍርበትም።