እሳቱ አደረ ወይ?

አባቴ አስናቀው ከአምባ ጊዮርጊስ በእግር አንድ ሰዓት በሚያስኬድ የወገራ መንደር የሚኖር ገበሬ ነው። ዕድሜው ሰባ ስምንት ነው፤ እሱ ግን «ሰባ» ይላል፣ ስምንቱን የት እንዳደረሳቸው አይናገርም። ገብስ፣ ባቄላና ድንች ሲያበቅል ኖሯል፤ አሁን ጉልበቱ ሲደክም መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጥቶ ሁለት ላምና አንዲት ክፉ በቅሎ ይዞ ቀርቷል። ሹመት አላገኘ፣ አገር ለአገር አልዞረ። መንደሩ ሁሉ የሚያውቅለት አንድ ነገር ግን አለ፦ በአስናቀው ቤት እሳት አይጠፋም።

የእኛን አገር ብርድ ያልቀመሰ ሰው «ይኼ ምን ይደንቃል?» ይል ይሆናል። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጩ ሲወርድ ጠዋት የላሞቹ ውሃ ላይ በረዶ ይገኛል። ቤት ውስጥ ደግሞ ከምድጃው በቀር የሚሞቅ ነገር የለም። ስለዚህ ሲመሽ የወይራ ጉማጅ ጫፉን እሳት ያስይዙና ፍሙን ሰብስበው አመድ ያለብሱታል፤ እሳቱ ተዳፈነ ይባላል። ሲነጋ አመዱን ገለጥ ሲያደርጉት ፍሙ ቀልቶ ይጠብቃል። የጠፋበት ሰው ገል፣ የሸክላ ስባሪ፣ ይዞ ወደ ጎረቤት ይሄዳል፣ ፍም ይጭራል። ቤቱን ዘግቶ ሩቅ የሚሄድ ደግሞ ከምድጃው ፍም አንሥቶ ለጎረቤት አደራ ይሰጣል፤ ሲመለስ ከዚያው ጭሮ ቤቱን ያሞቃል። ይኼን ሁሉ የምዘረዝረው የሠራሁት ጥፋት እንዲገባችሁ ነው።

እናቴ አማረች ጎጆ ስትወጣ እሳቱን የጫረችው ከአማቷ ምድጃ ነው። አርባ ዓመት ዳፈነችው። በልጅነቴ ከእንቅልፌ የሚቀሰቅሰኝ የአባቴ ድምፅ ነበር። ከመደቡ ላይ ሆኖ፣ ጋቢውን ከፊቱ ሳያነሣ፣ «አደረ?» ይላል። እናቴ ከምድጃው ዳር «አድሯል» ትላለች። ቀኑ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነበር። ፍቅር የሚባለውን ነገር ሌላ ሰው እንዴት እንደሚነጋገርበት አላውቅም፤ የእኔ አባትና እናት እንደዚያ ነበሩ።

እናቴ ከሞተች ስድስት ዓመቷ ነው። በእኛ አገር ወንድ ምድጃ ሥር ቁጢጥ አይልም። አባቴ ግን የቀብሯ ማታ ለቀስተኛው እያየው አመዱን በእጁ ሰብስቦ እሳቱን ዳፈነ። አንዳንዱ ሳቀበት፣ አንዳንዱ አዘነለት። እሱ አመዱን ከእጁ አራገፈ። ከዚያ ወዲህ ብቻውን አሳደረው፤ የታመመ ሰው የሚያስታምም ነበር የሚመስለው።

እኔ ፋሲካ እባላለሁ፣ የመጨረሻ ልጁ ነኝ። ጎንደር ከተማ መሥሪያ ቤት እሠራለሁ፤ የምኖረው ከባለቤቴ ከጌትነት ጋር አዘዞ ነው። ችኩል ሰው ነኝ፤ ይኼን ጌትነትም ያውቀዋል። አባቴን ልጠይቅ ስሄድ ገና ሳልቀመጥ ሰዓቴን አያለሁ። «ምነው፣ እሳት ልትጭሪ ነው እንዴ የመጣሽ?» ይለኛል።

አምና ሐምሌ ላይ ሳሉ ጠናበት። ያየው ሐኪም «ሳንባውን ጭስ በልቶታል፤ ከጭስ ይራቅ» አለ። እኔም ሳልውል ሳላድር ሄጄ «ተነሥ» አልሁት። አልሄድም አለ፣ ለመንሁት፣ አለቀስሁ። በመጨረሻ በበቅሎዋ አስቀምጠን ጎረቤቶች እየደገፉት ቀድሞ ወጣ። ላሞቹንና በቅሎዋን አራሹ ሊጠብቅልን ተቀበለ፤ እኔ ቤቱን ልዘጋ ኋላ ቀረሁ። ከደጅ፣ ከበቅሎዋ ላይ ዞሮ እንዲህ አለኝ፦

«እሳቱን ለይመኙሽ አድርሰሽ ነይ። አንድ ገል ይበቃል።»

ይመኙሽ ጎረቤታችን ናት፤ ቤቷ ከእኛ ማሳ ማዶ ነው። ዝናቡ ይወርዳል፣ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ነው፣ የተከራየሁት ሚኒባስ አምባ ጊዮርጊስ ቆሞ ሾፌሩ በስልክ ይጮህብኛል። ምድጃውን አየሁት። ጉማጁ ከአመዱ ሥር ይጨሳል፤ አጠገቡ ደረቅ እንጨት ተከምሯል። ቤቱ ቢቃጠልስ አልሁ። ባሊውን አንሥቼ ውሃውን ደፋሁበት። ጮኸ። እንፋሎትና አመድ ፊቴን መታኝ። በሩን ቆለፍሁና ሮጥሁ።

«ሰጠሻት?» አለኝ መንገድ ላይ።

«ሰጠኋት» አልሁት።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። እኔ ግን ያን ዕለት ሚኒባሱ ላይ መድረሳችን ብቻ ነበር ደስ ያለኝ።

አዘዞ ሙቅ አገር ነው። ሳሉ በሁለት ሳምንት ቀለል አለ፣ ፊቱም ሞላ። ነገር ግን የሚቀመጥበት አጣ። ሶፋው ላይ እናስቀምጠዋለን፤ ጥቂት ቆይቶ ይነሣል፣ በረንዳ ይወጣል፣ ይመለሳል።

«እዚህ ቤት ሰው ፊቱን ወዴት አድርጎ ነው የሚቀመጥ?» አለኝ አንድ ቀን።

ወደ ቴሌቪዥኑ ነዋ፣ ልለው ብዬ አፈርሁ። ሲመሽ ወጥ ቤት ገብቶ ቀልቶ የሚበራው የኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ እጁን ይዘረጋል። አንድ ማታ መብራት ሄደና ክሩ እየጠቆረ ሲሄድ እስኪበርድ ድረስ ቆሞ አየው።

«የእናንተን እሳት የሚያጠፋባችሁ ሌላ ሰው ነው» አለ።

«አባዬ፣ ክብሪት እኮ አለ።»

«ክብሪት ማንን ያውቃል?» አለኝ።

ጠዋት ጠዋት ቁርሱን ሳቀርብለት «ይኸኔ እሳቱ አድሮ ይሆን?» ይላል። እኔ «ይመኙሽ መች ትተወዋለች!» እላለሁ። «እስቲ ደውይላት» ሲለኝ «ኔትወርክ የለም» እላለሁ፤ አንዳንዴ እውነት አይኖርም፣ አንዳንዴ ይኖራል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። እኔ ግን ወደ አገሩ የሚወስደው መንገድ ሲዘጋ ሲከፈት እስከ ታኅሣሥ ስዋሽ ኖርሁ። ማታ የማሳው ሽታ፣ የላሞቹ ስም፣ የበቅሎዋ ክፋት ሳይቀር ይናፍቀዋል፤ ሁሉንም ዞሮ ዞሮ እዚያው ምድጃ ላይ ያመጣዋል። «እሳቱ ካለ ቤቱ አለ» ይላል። እኔ ደግሞ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞራለሁ።

በታኅሣሥ መጀመሪያ ጋቢውን ለብሶ፣ በትሩን ይዞ በር ላይ ተቀመጠ። ምሳ አልበላም አለ።

«አገሬ መልሱኝ» አለ። 

ጌትነት ከእኔ ይሻላል፣ ነገር ያበርዳል። «እሳቱን መከልከል ካልተቻለ ጭሱን እናውጣለት» አለ። አዘዞ ብየዳ ቤት ያለው ወንዴ የሚባል ልጅ የብረት ምድጃ ሠራልን፤ ከላይ ጭሱን በግድግዳ ወደ ውጭ የሚያወጣ ረጅም የቆርቆሮ ቱቦ አለው። አባቴ ዞሮ ዞሮ አየው። «እሳቱን ልታስሩት ነው?» አለ፣ ግን አልከለከለም። በማግሥቱ ምድጃውን ሚኒባስ ላይ ጭነን እኔና እሱ ሄድን። አምባ ጊዮርጊስ ላይ አህያ ተከራየን። መንገዱን ሁሉ እሱ ሲያወራ እኔ የአህያውን ጭነት ደጋግሜ አጠብቃለሁ። መንገር ነበረብኝ። ቀኑን ሙሉ አፌ እየተከፈተ ይዘጋል።

በሩን ከፍቼ ስገባ የቀዘቀዘ አመድ ሽታ ተቀበለኝ። አባቴ እንደ ገባ ምድጃው ሥር ተንበረከከ፤ ባዶ መሆኑን ያውቃል፣ እሳቱ ይመኙሽ ዘንድ ነው ብሎ ያምናላ። አመዱን ሊጠርግ እጁን ሰደደ። አመዱ አልተበተነም። ደርቆ እንደ ጭቃ ተጋግሯል። አንዱን ቁራሽ አንሥቶ በጣቱ ሰበረው።

«ውሃ ነው» አለ።

«እኔ ነኝ፣ አባዬ» አልሁት። «ለእትዬ ይመኙሽ አልሰጠኋትም። ውሃ ደፋሁበት። ዋሸሁህ።»

እሳት አመድ ወለደ ይለኛል ብዬ ጠበቅሁ። ቢለኝ ይሻለኝ ነበር።  ክንዱን ይዤ አነሣሁት፤ በፊት ይቀመጥባት የነበረችው መደብ ላይ ተቀመጠና ፊቱን ወደ ሞተው ምድጃ አደረገ። ከቦርሳዬ ክብሪት አወጣሁ። ልጭር ስል እጄን በእጁ ያዘ። እጁ በረዶ ነበር።

«ተይው» አለኝ።

ከደጅ የተሰበረ እንስራ ገል ፈልጌ ማሳውን አቋረጥሁ። ይመኙሽ እንጨት ስትፈልጥ አገኘኋት፤ ስታየኝ ምሳሩን ጣለች።

«ፋሲካ! አያ አስናቀው መጣ? ሸጋ ነው?»

«መጥቷል። እትዬ፣ እሳት ልጭር ነው የመጣሁ።»

ገሉን አየችው፣ እኔን አየችኝ። ቀጥ ብዬ ሁሉንም ነገርኋት። 

«ያን ዕለት ጭሱ ከቤታችሁ ጣራ ላይ ሲቆም አይቻለሁ» አለች። «መጣሁ፣ ቁልፍ ነው። ‹ምነው፣ ይኼን ሁሉ ዘመን እሳት ስንጫጫር ኖረን እኔን አላመኑኝም?› ብዬ ከፋኝ። ዓመት በዓሉ ሁሉ አልጣመኝም።»

እንግዲህ አንድ ባሊ ውሃ ስንት ቤት እንዳበረደ ያን ጊዜ ገባኝ። እግሯ ላይ ልወድቅ ስል በክርኗ ገፋችኝና ወደ ምድጃው ወሰደችኝ። ሦስት ፍም አነሣሁና ገሉ ላይ አድርጌ ሮጥሁ። ማሳው መሃል ስደርስ ነፋሱ አጠፋብኝ። ስመለስ በሩ ላይ ቆማ ትስቃለች።

«ያ ሁሉ ትምህርት እሳት መያዝ አላስተማረሽም?» አለች። ገሉን ተቀብላ መጀመሪያ አመድ አነጠፈች፣ ፍሙን ደረደረች፣ ከላይ የኩበት ስባሪ ጣል አደረገችበት። «አሁን ሂጂ። አትሩጪ።»

«እትዬ፣ ይኼ እሳት ከእናቴ የጫርሽው ነው?» አልኋት።

ጥቂት አሰበች። «ከእናትሽ ስንቴ ጫርሁ! ግን አልዋሽሽም፣ ክብሪትም ጭሬበታለሁ። ክረምት መጥፎ ነው፣ ይጠፋል።»

በቀስታ ሄድሁ። አንዴ እንኳ ሰዓቴን አላየሁም። አባቴ እንዳለ ነበር። ከአህያው ወርዶ ቤት ከገባው ከወንዴ ምድጃ አጠገብ ተቀምጬ ፍሙን አስገባሁ፣ ጭራሮ ጨመርሁ፣ ዓይኔ እስኪቃጠል እፍ አልሁ። ተያያዘ። ቱቦውን ለጊዜው በመስኮቱ አስወጥተነዋል፤ ጭሱ ውጭ ሲወጣ አባቴ አንገቱን አስግጎ አየና «ጭሱ ብቻውን ወጣ» አለ። መዋሸት በቅቶኝ ስለ ነበር ነገርሁት።

«አባዬ፣ ይመኙሽ ክብሪትም ጭሬበታለሁ አለች።»

አባቴ እጁን ወደ ሙቀቱ ዘረጋ።

«እናትሽም ትጭርበት ነበር» አለ።

«ምን?»

«ክረምት ክረምት ይጠፋባታል። እኔ ተኝቼ እሰማታለሁ፤ እንዳልሰማት ክብሪቱን በቀሚሷ ሸፍና ስትጭር። ትንሽ እታገሣለሁ። ከዚያ ‹አደረ?› እላታለሁ። ‹አድሯል› ትለኛለች።»

አርባ ዓመት! ሳቄና እንባዬ አንድ ላይ መጣ። «ታዲያ ምነው እንዲህ አዘንህብኝ?» አልሁት።

«እሷ ሲጠፋባት ታፍራለች፣ ታስነሣዋለች። አንቺ ውሃ ደፍተሽ ቆልፈሽ ሄድሽ።» እሳቱን እያየ ቀጠለ። «ደግሞ አዘዞ ሆኜ ጠዋት ጠዋት ስጠይቅሽ አንድ ቀን ‹አድሯል› አላልሽኝም። ‹ይመኙሽ መች ትተወዋለች› ነው ያልሽኝ። ያቺን አንድ ቃል ናፍቄ ሞትሁ።»

ሦስት ቀን ሰነበትሁ። መዳፈኑን አስተማረኝ፦ ጉማጁ ወፍራም ይሁን፣ አመዱ አይሣሣ፣ የምድጃው በር አይዘጋ። ይመኙሽ በየቀኑ እየመጣች ቱቦውን ታያለች፤ ለእሷም እንዲሠራላት አዘዘችኝ። አባቴ ግን አብሮኝ ወደ አዘዞ አልወረደም። ሳሉ አልለቀቀውም፣ ቢሆንም እንደ ሐምሌው አይደለም። ከልቤ ልተወው አልፈለግሁም ነበር። ተውሁት።

አሁን አዘዞ ሚኒባስ ስጠብቅ፣ ሥራ ሳልገባ እደውልለታለሁ። ሰላምታ አንለዋወጥም። «አደረ?» እለዋለሁ። «አድሯል» ይለኛል። ሙሉ ቀን የሚያሞቀኝ እሱ ነው፤ ያልደረሰኝ ቀን የሥራ ጓደኞቼ ፊቴን አይተው ያውቃሉ።

ባለፈው ወር ወደ መንደሩ በሚወጣ ሰው ዕቃ ስልክለት ከስኳሩና ከጨው መሃል አንድ ደርዘን ክብሪት ደበቅሁ። ክብሪቱ ደረሰኝ አላለም፣ እኔም አልጠየቅሁም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ደወልሁ።

«አደረ?» አልሁት።

 ስልኩ ውስጥ ክብሪት ሲጫር ሰማሁ፤ አንዴ፣ ደግሞ ሁለተኛ። እናቴ ናፈቀችኝ። ሚኒባሱ መጥቶ ሰው ሲጋፋ ቆሜ ጠበቅሁ።

«አድሯል» አለኝ።