በዋልካው ስንጥቅ ላይ የሠራነው ከተማ

ዐሥር ዓመቴ ነበር ከተማ ስገባ። ገባሁ ስላችሁ ግን በእግሬ ወረታ ደርሼ እንዳይመስላችሁ፤ መንደራችን ቁሐር ሚካኤል፣ ከቤታችን ጀርባ፣ በጋ ሲመጣ ተሰነጣጥቆ እግር በሚውጠው ጥቁር የዋልካ አፈር ላይ ነው የገባሁት። ይህን የቀሰቀሰብኝ ሰሞኑን ትንሿ ልጄ ከትምህርት ቤት ይዛ የመጣችው የሥዕል መጽሐፍ ነው፤ ቀለሙ ገና የሚሸት፣ ገጹ ሁሉ መንገድና መኪና። እኔ ሽንኩርት እየላጥሁ፣ ውጭ ባጃጁ እየተንጫጫ፣ እሷ ጣቷን እያስኬደች «ስትሪት፣ ብሪጅ፣ ባስ ስቴሽን» ስትል ከአፏ ነጠቅሁና «ክሮሲንግ፣ ላይብረሪ፣ ፖስት ኦፊስ» ብዬ ጨረስሁላት። ልጅቱ ደንግጣ፣ ትምህርት ቤት ያልገባሁት እናቷ ይህን ከየት እንዳመጣሁት ጠየቀችኝ። ደግነቱ ሽንኩርት ይዣለሁ፤ ዓይኔን ብጠርግ ማንም አይታዘበኝም።

ያስተማረችኝ ታላቅ እህቴ ትርንጎ ናት፤ በስሟ ጠርቻት አላውቅም፣ እታለም ነበር የምላት። እሷ ወረታ አክስታችን ዘንድ ተቀምጣ ስትማር እኔ ከብት እጠብቅ ነበርና፣ ፊደል የቆጠርሁትም ቅዳሜ ቅዳሜ ስትመጣ ከእሷ አፍ ነው። አንድ ቅዳሜ የእንግሊዝኛ መምህሯ ያስጠኗቸውን የከተማ ቃላት ይዛልኝ መጣች። ለእኔ ለማስረዳት ግን ተቸገረች፤ ፖስት ኦፊስ አላየሁ፣ ላይብረሪ አላየሁ፣ ያየሁት በሬና ውሃ ነው። ግራ ሲገባት ወደ ግጦሹ ወሰደችኝና የተሰነጠቀውን ዋልካ አሳየችኝ። ሰፊው ስንጥቅ ስትሪት ሆነ፤ በላዩ የተጋደመው የማሽላ አገዳ ብሪጅ፤ ጢንዚዛ የሚርመሰመስበት ጉድጓድ ባስ ስቴሽን፣ ጢንዚዛዎቹም ባሶቹ። ሆስፒታሉን ከሁሉ አስበልጣ፣ ከስትሪቱ ጫፍ ላይ በነጭ ጠጠር ከበበችው። ክሮሲንጉን ደግሞ በገለባ ዥንጉርጉር አድርጋ አነጠፈችና፣ ከዚያ በቀር በሌላ በኩል ስንጥቁን መዝለል ክልክል ነው አለች። የበሬ ጅራት ይዤ ወንዝ የምሻገር ልጅ፣ ሁለት ስንዝር የማትሞላ ስንጥቅ ለመሻገር ግራና ቀኝ አይ ነበር።

ቀይ መብራት ሲበራ መኪናው ሁሉ ይቆማል ስትለኝ ግን ፈጽሞ አላመንኋትም፤ መብራቱን ይዞ የሚቆመው ሰውዬ አይደክመውም ወይ ብዬ ተከራከርኋት። እስክትወድቅ ሳቀች።

ከሁሉ የሚገርመኝ አባታችን ነበሩ። አባባ ቁጡ ሰው ናቸው፣ ነገር ግን በሬዎቻቸውን እየነዱ ከከተማችን ሲደርሱ እታለም መኻል ገብታ እጇን ዘርግታ ታቆማቸዋለች፤ እሳቸውም ጅራፋቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው፣ በሬዎቹን ይዘው፣ ከንፈራቸውን እየነከሱ ይቆማሉ። «በገዛ መሬቴ?» ይሏታል። «ከተማ ነው አባባ፣ ሰው እያለፈ ነው» ትላቸዋለች። እጇን እስክታወርድ አይነቃነቁም ነበር። ክረምት ሲገባ ውሃው ከተማችንን ይውጠዋል፤ በጋ ሲመለስ ዋልካው በሌላ በኩል ይሰነጠቅና ስትሪቱንም ሆስፒታሉንም እንደ አዲስ እንቆረቁራለን።

ከዚያ እሷ አደገች፣ ተዳረች፣ እኔም አደግሁ። ግጦሹም ግጦሽ መሆኑ ቀረ፤ ያ ለከብት እንጂ ለሰው የማይረባ ይባል የነበረ ውሃ የሚተኛበት መሬት ሩዝ ሲያበቅል ጊዜ፣ ወንድም ከወንድሙ በድንበር ይጣላበት ጀመር። እንግዲህ በዚያን ዘመን ነው መንገድ ቀያሾች መጥተው፣ ክረምት ከበጋ መኪና የሚያስገባ ከፍ ያለ መንገድ ይወጣላችኋል ብለው ችካል የተከሉት። ችካሉ ያለፈው በእኛ ማሳ መኻል፣ ያውም እታለም ስትሪት ባለችው ግድም ነበር። አባባ ጎህ ሲቀድ ወጥተው አንድ በአንድ ነቀሉት። ሽማግሌ ቢላክባቸው፣ ካህን ቢለምናቸው እምቢ አሉ። በመጨረሻ እታለም ከባሏ ቤት መጣች፤ ከብዙ ዓመት ስለት በኋላ ገና መጸነሷ ነበር።

«አባባ፣ እዚህ ላይ አስቁሜዎት አልነበር? ያኔ መንገድ ነው ብለው ቆመውልኝ የለ?» አለቻቸው።

አባባ ቀና ብለው አላዩዋትም። «ያኔ ሳር ነበር ልጄ፤ ዛሬ ሩዝ ነው» አሏት።

ቀያሾቹም የተነቀለውን ችካል እዚያው ትተው ሄዱ፤ መንገዱ በሌላ ቀበሌ ወጣ።

እታለም በአገራችን ወግ ልትወልድ እናታችን ቤት የገባችው በነሐሴ፣ ሜዳው ባሕር በሆነበት ጊዜ ነው። ምጡ በጠዋት ያዛት፤ እኩለ ቀን ሲሆን አዋላጂቱ እጇን ታጥባ ከእኔ አቅም በላይ ነው ብላ ተነሣች። ስልክ ተደወለ፣ አምቡላንሱም መጣ፤ መጣ ግን የጠጠሩ መንገድ እስካለቀበት ድረስ ነው። ከደጃችን ቆመን ከውሃው ማዶ ቀይ መብራቱ ሲዞር እናየዋለን። ቃሬዛ ተበጀ፣ አባባ የፊቱን ወገን ያዙ፤ ውሃው እስከ ደረት፣ ከሥር ያለው ጭቃ እግር ይዞ አልለቅ ይላል፣ አንዱን እግር ሲነቅሉ ሌላው ይሰጥማል። እኔ ከጎን ጭንቅላቷን ደግፌ ነበር። የምታየው መብራቱን ነው፤ ሰማዩንም እኛንም አላየችም። የእኛ ማሳ መኻል ላይ ስንደርስ እጄ ላይ ከበደች፤ ትንፋሿ ቢጠፋብኝ «አባባ!» ብዬ ጮህሁ። አባባ ግን አልሰሙ፣ ወይ መስማት አልፈለጉ፣ መብራቱ ዘንድ እስኪደርሱ ድረስ አላቆሙም።

ዛሬ የምኖረው ወረታ፣ መንገዶቹ ከሚገናኙበት አፋፍ ነው፤ እታለም በጠጠርና በገለባ የሠራችልኝ ሁሉ ደጄ ላይ አለ። ስትሪቱም፣ ባስ ስቴሽኑም፣ ክሮሲንጉም፣ እንደ ልብ የሚመላለሰው አምቡላንስም። ሁሉን በስሙ አውቀዋለሁ፣ አንዱም አልደረሰላትም። ልጄ መጽሐፉን ገልጣ ሆስፒታል የሚለው ገጽ ላይ ስትደርስ፣ እኔ እንደ ሌላው ነጥቄ አልጨረስሁላትም፤ ራሷ ታንብበው ብዬ ወደ ሽንኩርቴ ተመለስሁ።

አባባ እታለምን በቀበርን በጋ፣ ሩዙ እንደታጨደ፣ ብቻቸውን ወጥተው ችካሎቹን ከነበሩበት መልሰው ተከሏቸው። ቀበሌም ወረዳም ተመላለሱ፤ ቀያሽ አልመጣም። በችካሎቹ መኻል ያለውን መሬት እስከ ዛሬ አልዘሩበትም።