የእማማ እድፍ ገጽ ለማን ይታይ

በሆቴሉ ምድር ቤት፣ በልብስ ማጠቢያው ክፍል፣ ሃያ ሁለት ዓመት የሠሩትን ሴት በስማቸው የሚጠራቸው የለም። እማማ እድፍ ነው የሚሏቸው። ሌላው ሰው አንሶላ ሲዘረጋ ነጭ ነገር ያያል፤ እሳቸው ግን ከማዶ ሆነው «እሱ ሻይ ነው፣ ያ የከንፈር ቀለም ነው፣ ይሄኛውን ባትጠይቁኝ ይሻላል» ይላሉ። ተሳስተው አያውቁም።

አንድ ልጅ አለቻቸው። ብቻቸውን አሳድገው፣ አስተምረው ለቁም ነገር ያበቋት ናት፤ ዛሬ ትልቅ መሥሪያ ቤት ተቀጥራ ለብቻዋ ትኖራለች። ሥራ በዛብኝ እያለች መምጣቱን ስትተው፣ እማማ ስልክ ገዙና ስልክ ጠጋኙ ዘንድ ሄደው፣ «ልጄን የማይበትን ነገር ክፈትልኝ» አሉት።

የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ከፈተላቸው። ለገጹ ፎቶ ሲጠይቃቸው ከቦርሳቸው የልጅቷን የምረቃ ቀን ፎቶ አወጡ፤ እሷ በጥቁር ካባ፣ እሳቸው አጠገቧ የሥራ ሽርጣቸውን እንዳገለደሙ፤ ከፈረቃ በቀጥታ ነበር የሄዱት።

«ለማን ይታይ?» አለ ጠጋኙ። «ለጓደኞች ብቻ ማድረግ ይቻላል። ለእርስዎ ብቻም ይቻላል።»

«ለእኔ ብቻማ ቦርሳዬ ውስጥም ነበረ። ለሁሉም አድርገው።»

ከዚያ በኋላ ልጅቷ ፎቶ ባወጣች ቁጥር የእናቷ ቃል ከሥሩ ይከተላል። ሌላው «ንግሥቴ» እያለ ልብ ሲደረድር፣ እማማ የሚያውቁትን ይጽፋሉ። «ልጄ፣ ደረትሽ ላይ ያለው ዘይት ነው፤ ሙቅ ውሃ እንዳታስነኪው።» «ልጄ፣ ይሄ ሸሚዝ ፀሐይ ላይ እየተሰጣ ወይቧል።» አንድ ቀን ልጅቷ ከእጮኛዋና ከእጮኛዋ እናት ጋር የተነሳችውን አወጣች። ሴትዮዋ ከላይ እስከ ታች ነጭ ሐር ለብሳለች። እማማም፣ «ልጄ፣ የሴትዮዋን ብብት ላብ ቢጫ አድርጎታል፤ ላኪልኝና ላስለቅቀው» ብለው ጻፉ። ከልባቸው ነው፤ ዝምድናውን በሙያቸው መጀመራቸው ነበር። አርባ ሰው ሳቀበት።

በማግስቱ የልጅቷ ገጽ ጠፋ። እማማ ስሟን ቢጽፉ፣ ቢያጠፉ፣ ደግመው ቢጽፉ የለችም። ጠጋኙ ስልኩን አገላብጦ አየና ዓይናቸውን ሳያይ፣ «ዘግታው ይሆናላ፣ እናቴ» አላቸው። እሳቸውም ይህንኑ ይዘው፣ «ልጄ ሥራ ስለበዛባት ገጿን ዘጋችው» እያሉ ለጠየቀም ላልጠየቀም ያወሩ ጀመር።

ይህን ሲያወሩ ካውያ ላይ የምትሠራው፣ ቀጮ የሚሏት ልጅ፣ አንገቷን ደፍታ ትተኩሳለች። ልብስ አጣጣፊዋ ደግሞ፣ «እውነትዎን ነው፣ ዘግታለች» ትላለች። ሁለቱም በምሳ ሰዓት የልጅቷን ፎቶ ያያሉ። ሰባት ወር ሙሉ አዩ።

ነገሩ የወጣው በጠረጴዛ ልብስ ምክንያት ነው። አጣጣፊዋ ያጣጠፈችውን እማማ ሦስተኛ ጊዜ መለሱባት።

«አልጠራም፤ ጥጉን እይው።»

«ኧረ እትዬ፣ ይሄን ያህል ዓይን ካለዎት ይሄኛውንም ይዩልኝ» አለችና ስልኳን አፍንጫቸው ሥር ደቀነችው።

ልጃቸው ናት። ቀለበት አስራለች። ከላዩ የሠርጉ ቀን ተጽፏል፤ የፊታችን ቅዳሜ። ከሥሩ ደግሞ፣ «እናቴ በሕይወት ኖራ ይህን ቀን ብታይልኝ።» ከዚያም የሰዉ አስተያየት፤ የሻማና የእጅ መዳፍ ምልክት፣ ሻማና የእጅ መዳፍ። «ነፍሷን በገነት ያኑርልሽ» ካሉት መካከል አንዷ አጣጣፊዋ ነበረች።

እማማ ፊደል በፊደል አነበቡት። «አልዘጋችውም እንዴ?»

ቀጮ ካውያዋን አቆመች። «ለእርስዎ ብቻ ነው የዘጋችው፣ እትዬ። እንዲህ የሚያደርግ ነገር አለው። አንድ ሰው መርጠሽ፣ እሱ ብቻ እንዳያይሽ ታደርጊያለሽ።»

«አንቺስ ነፍስ ይማር ያልሽው?»

«ሁሉም ሲል ጊዜ ነዋ» አለች አጣጣፊዋ። «እኔ ብቻዬን በሕይወት አሉ ልበል?»

እማማ ስልካቸውን አውጥተው ደወሉ።

«እማ፣ ሥራ ላይ ነኝ።»

«ደህና ነሽ ወይ ልልሽ ነው።»

«ደህና ነኝ።»

«አዲስ ነገር የለም?»

«ምን አዲስ ነገር ይኖራል። በቃ እደውልልሻለሁ።»

ስልኩን ዘግተው ለአጣጣፊዋ እጃቸውን ዘረጉ። እሷም ሊያዩ መስሏት ሰጠቻቸው። እማማ በአንድ ጣት፣ ቀስ እያሉ፣ በአጣጣፊዋ ስም ጻፉ፤ «እናትሽ ደህና ናት። ዛሬ ጠዋት ስድሳ አንሶላ አጥባለች። ልጄ፣ እጅጌሽ ላይ ያለው ወይን ነው፤ ሳይደርቅ ጨው ነስንሺበት።»

አምስት ደቂቃ አልሞላም፤ ጽሑፉ ተሰረዘ፣ የአጣጣፊዋ ስልክም ልጅቷን አላሳይ አለ። ወዲያው የእማማ ስልክ ጮኸ። በሰባት ወር ውስጥ ልጅቷ ራሷ ስትደውል የመጀመሪያዋ ነው።

«እማ፣ ያንቺ ገጽ ላይ ያለው የምረቃው ፎቶ ለሁሉም ይታያል። አጥፊልኝ።»

«እኔና አንቺ ብቻ ነን እኮ ያለነው።»

«እሱን ነው የምልሽ። ያን ጊዜ ስለ ላቡ ስትጽፊ፣ ይቺ ሴትዮ ማናት ሲሉኝ የድሮ ጎረቤት ናት፣ ሁሉንም ልጄ ነው የምትለው ብያቸዋለሁ። እናቴ ሞታለች ብያለሁ። አሁን ከየት ላምጣት? እስከ ቅዳሜ አንድ ሰው ቢያየው አለቀልኝ።»

«ቅዳሜ ምንድን ነው?» አሉ እማማ።

«ምንም» አለችና ዘጋችው።

እማማ ወንበር ስበው ቀጮ አጠገብ ተቀመጡ። «ጠጋኙ ያሳየኝ ነበረ። ለማን ይታይ የሚለው የት ነው?»

«እትዬ፣ ተዉት ይታይ። የፈጠረችው ውሸት የእሷ ነው፤ እርስዎ ምን አደረጉ?»

«አሳዪኝ፣ ልጄ።»

ቀጮ አሳየቻቸው። ለሁሉም፣ ለጓደኞች፣ ለእኔ ብቻ። የመጨረሻውን ነኩና ፎቶው አለመጥፋቱን ሁለት ጊዜ ከፍተው አረጋገጡ። ለእሳቸው አለ። ከዚያ ቀጮ በራሷ ስልክ ስትፈልገው ባዶ ነጭ ሆኖ መጣ።

«ጠርቷል» አሉ እማማ።

አጣጣፊዋ አሁንም ስልኳን እየደበደበች ነበር። «እኔንም አስዘጉኝ አይደል? ቅዳሜ ሠርጉን በምን ልናየው ነው?»

እማማ ተነሡ፤ የጠረጴዛውን ልብስ አንሥተው ፊት ለፊቷ ዘረጉላት። «ጥጉን» አሏት።