ሆዴን ያመመኝ መስሏቸው

ይህ ነገር የደረሰብኝ አምና ሐምሌ፣ እዚሁ ደቡብ አፍሪካ፣ ጆሃንስበርግ አጠገብ ጀርሚስተን ነው። የማልረሳው የማላውቃት ልጅ፣ ያውም በስህተት መጥታ፣ የራሴ ሰዎች ያልሰሙትን ስለሰማችኝ ነው።

ብርዱ የጉድ ነበር። ጆሮዬን ስለሚያመኝ ነጠላ እንደ ቄስ ጠምጥሜ ከልጄ ከትርሲት ሱቅ ደጃፍ ፀሐይ እሞቃለሁ። ጢሜም ረጅም ነው። ትርሲት ተላጭ እያለች ብትነዘንዘኝም እምቢ ብያለሁ።

አንዲት ህንድ የምትመስል ወጣት ወረቀት ይዛ መጣች። እጆቿን አጋጥማ በማላውቀው ቋንቋ ሰላም አለችኝ። ትርሲትን ጠራኋት። ትርሲት ወጥታ በእንግሊዝኛ አነጋገረቻትና በሳቅ ፍርስ አለች።

«አባዬ፣ ሲክ መስለሃታል፤ እነዚያ ጢማቸውን የማይላጩት ባለጥምጣም ህንዶች! ጥምጣምህን አይታ እኮ ነው።»

ልጅቱ አፈረች። ለካ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። እዚህ አገር የሚኖሩ የሲክ ሽማግሌዎች ሲጨንቃቸው ምን ብለው እንደሚናገሩ ታጠናለች።

«ይናገራሉ?» አልኩ በትርሲት በኩል።

«የት ተናግረው! ሁሉም በአምላክ ቸርነት ደህና ነኝ ነው የሚሉት» አለች ልጅቱ።

«እኔም ተመስገን ደህና ነኝ። ሆዴን ብቻ ነው።»

ትርሲት ስትተረጉም «ስቶማክ» አለቻት። ክሊኒክም እንዲሁ ነው የምትላቸው። እዚህ ስላደገች አልፈርድባትም። ሁለት ዓመት ሙሉ የጨጓራ ኪኒን ዋጥኩ፤ ጠብ ያለልኝ ነገር የለም።

ልጅቱ ልትሄድ ብላ ቆመች። «አያቴ ልቤ ይሰጥማል ይል ነበር» አለች። «ሐኪሞች ልቡን መርምረው ጤነኛ ነህ አሉት። እሱ ግን ሚስቱ ሞታበት ነበር።» ከዚያ ወደ ትርሲት ዞረች፤ «ቃሉን እንዳለ ንገሪኝ። ሆዳቸውን ምን ይላቸዋል?»

«ባር ባር ይለኛል» አልኩ።

ትርሲት ለዚህ እንግሊዝኛ አላገኘችለትም፤ ቃሉን እንዳለ ደገመችላት።

«ከመቼ ጀምሮ?» አለች ልጅቱ።

እልኸኛ ነኝ፤ ልናገር አልፈለግሁም ነበር። ግን አመለጠኝ። «ዳዊትን ዲፕስሉት ሰፈር፣ ሱቁ ውስጥ ዘራፊዎች ከገደሉት ጀምሮ።»

ይህን ትርሲት አልተረጎመችውም። ዳዊት ወንድሟ ነው። እኔ ለእሷ ስሳሳ፣ እሷም ለእኔ ስትሳሳ፣ ሁለት ዓመት ስሙን ቤታችን ውስጥ ጠርተነው አናውቅም። አንገቴ ስር ገብታ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። ልጅቱ ሳይነግሯት ገባት መሰለኝ፣ አጠገባችን ቁጭ ብላ ጠበቀችን።

ስትነሳ ወረቀቷን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። «እርስዎ ለጥናቴ አይሆኑም» አለች ዓይኗን እየጠረገች። «ሲክ አይደሉም።» በእንባችን መሃል ሳቅን።

አሁን ክሊኒክ ስንሄድ ትርሲት «ስቶማክ» አትልም። «ሆድ» ትልና ረጅም ታወራላቸዋለች። ኪኒኑንም አስተዉኝ፣ የሚያነጋግረኝ ሰው ሰጡኝ። ባር ባር ማለቱ ጨርሶ አልተወኝም። ግን እራት ላይ ስንቀመጥ ዳዊትን እናነሳዋለን፤ ቀልዱንም፣ ጥፋቱንም።

ጥምጣሙን ግን ሙቀት ገብቶም አልፈታሁትም። ያቺ ልጅ አንድ ቀን በዚህ ብታልፍ በምን ታውቀኛለች?