የልጄን ላም በስሜ ያስጻፍሁበት ምዝገባ

በ2016 ዓ.ም. ዕድሜዬ ሰባ ሁለት ነበር። ፊደል የቆጠርሁት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ በኩራዝ ነው፤ ጽሑፌ ቢጎረብጥ አትፍረዱብኝ። የምጽፈው የሚያኮራ ነገር አይደለም። በዚያ ዓመት በገዛ ደጄ ቆሜ ዋሸሁ፤ ልጄም ሰማችኝ።

የምንኖረው ከመርሳ ወደ ላይ በእግር አንድ ሰዓት ተኩል ቢያስኬድ ነው። ጥር ላይ፣ ማሽላው ተወቅቶ ካለቀ በኋላ፣ የቀበሌያችን የእንስሳት ሠራተኛ ደብተሯን ይዛ ቤት ለቤት ትዞር ጀመር። ከወልድያ ተመድባ የመጣች ወጣት ናት። ታችኛው መንደር መድረሷን ስሰማ አምስቱን ላሞቼን በጓሮ በኩል አሳልፌ ወንዝ አወረድኋቸው። ከዚያ ተመልሼ ምንም እንዳላየ ሰው ደጄ ላይ ተቀመጥሁ።

ግቢው ውስጥ የቀረችው አንዲት አራስ ላም ብቻ ናት። እሷ ደግሞ የእኔ አይደለችም። ልጄ ከባሏ ስትለያይ ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ኒካ ሲታሰር ቃል በተገባላት መህር የፈረደላት ላም ናት። ከእኔ ቤት አጠገብ ጎጆ ቀልሳ፣ ላሟን እያለበች፣ ወተቷን በጀሪካን መርሳ ወርዳ ለሻይ ቤት ትሸጣለች። በዚያ ነው የምትተዳደረው።

«አሰላሙ አለይኩም አባባ፣ እንዴት አረፈዱ?» አለች ሠራተኛዋ ደጄ ደርሳ።

«ወአለይኩም ሰላም፤ አልሐምዱሊላህ። ግቢ ልጄ።»

«የወተት ላም ልመዘግብ ነው። ስንት አለዎት?»

«ያቻት። አንድ ናት።»

ግቢውን ዞር ዞር ብላ አየችና፣ «እበቱስ የአንድ ላም አይመስልም» ብላ ሳቀች።

«ብዙ ትበላለች» አልኋት።

«ልጅዎትስ? ጎጆ ወጥታ የለ? በስሟ የሚጻፍ የላትም?»

«የላትም። ከባሏ ተጣልታ መጥታ ነው፤ እንግዳ ናት።»

ልጄ ማለቢያውን እንደያዘች ጎጆዋ በር ላይ ቆማ ነበር። ሰምታለች። በሰው ፊት ውሸታም ልታደርገኝ አልፈለገችም፤ አቀርቅራ ገባች። ሠራተኛዋ ጻፈች፣ እኔም ፈረምሁ። እሷ ከሄደች በኋላ ልጄ ወጣችና፣ «አባ፣ ምነው? ላሟ የእኔ አይደለችም ወይ?» አለችኝ።

«ነገ ስንዴ ሲታደል ላም አላት ብለው ይሰርዙሻል። ዝም በይ፤ እኔ አውቃለሁ» አልኋት።

ይህን ያልሁት ከመሬት ተነስቼ አይደለም። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ስንዴ ሊታደል ስም ሲጻፍ፣ እውነቱን ተናግሬ ሁለት ላም አለኝ አልሁ። ላም ያለው ሰው አይሰጠውም ተብሎ ስሜ ተሰረዘ። ላሞቹ በወሩ አለቁ። ዝርዝሩ ግን እንዳለ ቀረ፤ «አንተ ላም አለህ» እየተባልሁ ባዶ ከረጢት ይዤ ስመላለስ ከረምሁ። ከዚያ ወዲህ ምንም ዓይነት ደብተር ይምጣ፣ ቁጥሬን አሳንሼ ነው የምናገረው። ደግሞም በኛ አገር የከብት ቁጥር በአፍ አይጠራም፤ ዓይን ይገባዋል። ሰው ስንት አለህ ቢልህ፣ አላህ የሰጠን አለ ብለህ ታልፈዋለህ።

በራሴ ብቻ ቢቀር ባልከፋ። ጁምዓ ሰግደን ስንወጣ መስጊዱ ደጅ ላይ ሰዉን ሰብስቤ፣ «አሳንሳችሁ ተናገሩ» አልሁ።

አንዱ ጎረቤቴ፣ «ይኼኛውኮ የእርዳታ አይደለም አሉ፤ ለወተት ነው አሉ» ቢለኝ፣ «ደብተር ሁሉ ደብተር ነው» ብዬ ዝም አሰኘሁት። ሽማግሌ ነኝና ሰሙኝ። ባይሰሙኝ ይሻል ነበር።

ሰኔ ላይ አንድ ሰኞ ቀን ከየቀበሌው ሁለት ሁለት ሽማግሌ መርሳ፣ የሐብሩ ወረዳ አዳራሽ ተጠራን። ለወተት ላም አርቢ መንግሥት ድጎማ መድቧል አሉ፤ ፋጉሎና ፉርሽካ የመሰለ የከብት መኖ በቅናሽ፣ የተሻሻሉ ጊደሮች ደግሞ ግማሹን ዋጋ መንግሥት ችሎ። የወረዳው የእንስሳት ባለሙያ ተነስቶ አካፋፈሉን አስረዳ። ከላይ ለክልል ይሰጣል፤ ክልሉ ለዞን፣ ዞኑ ለወረዳ፣ ወረዳው ለቀበሌ። በየደረጃው የሚታየው የተመዘገበው የወተት ላም ብዛት ነው። ብዙ ላም ያለበት ብዙ ይወስዳል። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ መንግሥት ሲሰጥ ለሌለው ነው የሚሰጠው ብዬ ነበር የማምነው። ይኼኛው ላለው ነበር የሚሰጠው።

ከዚያ ድርሻው ተነበበ። ከእኛ በላይ ያለው ደጋው ቀበሌ በርከት ያለ ጊደርና ብዙ መኖ ደረሰው። ለእኛ ለጠቅላላው ቀበሌ አንዲት ጊደርና ጥቂት ኩንታል ፉርሽካ።

«ይህ አድልዎ ነው!» ብዬ ተነሳሁ። «እኛ የሐብሩ ልጆች አይደለንም ወይ? ላም የምናረባው እኛ፣ ጊደር የሚወስደው ሌላ! አንተ ሰውዬ የማን ዘመድ ነህ?»

ባለሙያው አልተቆጣም። ደብተሩን ገለጠና፣ «አባባ፣ ስምዎትን ይንገሩኝ» አለኝ። ነገርሁት። በጣቱ እየተከተለ ወረደና ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው። «አንድ ላም። ፊርማዎ ይኸው። የጎረቤትዎ፣ ምንም የለም። የሚቀጥለው፣ ምንም የለም። ከዚህ ላይ ተነስቼ እንዴት አድርጌ ልስጣችሁ?»

ከደጋው ቀበሌ የመጣ አንድ ወፍራም ሰው ከኋላዬ፣ «አያ፣ ለዒድ የላኩልን ቅቤ የዚያች የአንዷ ነው? እሷማ ምንጭ እንጂ ላም አይደለችም!» አለ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ።

«እናንተስ ጥጃውንም ጊደሩንም ላም ብላችሁ ያስጻፋችሁ!» አልሁት።

«ያበዙትን ቆጥረን እንቀንሳለን» አለ ባለሙያው። «የደበቁትን ግን ከየት እናምጣው? ስህተት አለ የሚል አባወራ ራሱ ቀርቦ ቃሉን ያርም። ላሙንም እናያለን። እስከ ሐሙስ ነው፤ ከዚያ ወደ ዞን ይላካል። ጊደሯም በቀበሌው ውስጥ የምትሰጠው ላም እያላት ብቻዋን ቤት ለምታስተዳድር ሴት ነው። እንደዚያ ያለች ሴት ካልተገኘች ወደ ጎረቤት ቀበሌ ትዞራለች።»

ተቀመጥሁ። እሱ የሚላት ሴት የእኔው ልጅ ናት። አዳራሹ ውስጥ ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርሁ። እዚያው ተነስቼ፣ ተሳስቻለሁ ብል በሁለት ቃል ያልቅ ነበር። ሳቁ ገና ጆሮዬ ላይ ነበርና አልተነሳሁም።

መንደር ስገባ ሰዉ ከበበኝ። «ተዳልቶብናል» አልኋቸው። ባለሙያውን ረገሙት፤ እኔም አብሬ ረገምሁት። ስለ ሐሙሱ ለማንም አልተነፈስሁም። ማክሰኞ ልጄ ወተቷን ሸጣ ስትመለስ እንዳታገኘኝ እርሻ ላይ ዋልሁ። በዚያ ሳምንት ዓይን ለዓይን እንዳንገጣጠም ስሸሻት ነበር።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ባዶ ጀሪካኗን ይዛ መጣችና ፊት ለፊቴ ቆመች።

«የእንስሳት ቢሮ ገብቼ ነበር» አለች።

«ማን አስገባሽ?»

«እግሬ።» ጀሪካኑን አስቀመጠችው። «ደብተሩን አሳዩኝ። ጊደሯ እንደኔ ላለች ሴት ናት። ከቀበሌያችን ላም አላት ተብላ የተጻፈች አንዲት ሴት የለችም። ብትጻፊ ኖሮ የመጀመሪያዋ አንቺ ነበርሽ አሉኝ።»

«አዳልተውብን ነው አልኋችሁ እኮ» አልሁ። ያን ጊዜም ከውሸቴ አልተመለስሁም።

«አባ፣ ላሞችዎን ደበቁ፤ እሺ፣ ያዩት መከራ አለ። የእኔንም በስምዎ አስጻፉ፤ እሺ፣ የአባት ነው። ግን ሰኞ ዕለት እዚያው ቁጭ ብለው እስከ ሐሙስ ይታረማል ሲባል ሰምተዋል። ለምን አልነገሩኝም?»

አፍሬ ነው ማለት ነበረብኝ። እኔ ምን ብል ጥሩ ነው? «ላሟ ታልባለች ወይ?» አልኋት።

ማለቢያውን አምጥታ እጄ ላይ አስቀመጠችው። «አልታለበችም። በደብተር የእርስዎ ናት፤ ይለቡ» ብላ ጎጆዋ ገባች።

ለማለብ ተቀመጥሁ። ላሟ የእኔን እጅ አታውቅም። ጥጃውን አስጠግቼ፣ ጀርባዋን አሽቼ፣ አባብዬ ብሠራ ወተቷን ያዘችብኝ። ከማለቢያው ታች ጥቂት ጠብ ብላ ቀረች። ልጄ በዚያች ላም ራሷን ስታኖር እኔ ስሟ እንኳ ከላሟ አጠገብ እንዳይጻፍ ከልክያለሁ። ሰባ ሁለት ዓመት ስኖር በሰው ፊት ብዙ ጊዜ ተዋርጃለሁ፤ በርሃብም፣ በባለሥልጣንም፣ በጦርነትም። ያ ሁሉ ሌላ ሰው ያደረገብኝ ነበር። ይህኛውን እኔው ነኝ ያደረግሁት።

በማግስቱ ሐሙስ ጠዋት፣ ሱብሂ ሰግጄ እንደጨረስሁ፣ አምስቱን ላሞቼን ከበረት አወጣሁ። ልጄን ጠርቼ፣ «ላምሽን ከነጥጃዋ አውጪና ተከተይኝ» አልኋት። ፈትታት ተከተለችኝ። ቁልቁል ወርደን አስፋልቱን ስንይዝ ሚኒባሶቹ ጥሩምባቸውን እየነፉ በጎናችን ያልፋሉ። መርሳ መግቢያ ላይ አንድ የከብት ነጋዴ የመጀመሪያዋን ላሜን ጎን ዳሰስ አደረገና፣ «አባባ፣ በስንት አሉ?» አለኝ።

«አይሸጡም» አልሁት።

«ታዲያ ለምን አመጧቸው?»

«ሊቆጠሩ።»

የቢሮው ዘበኛ ከብት አይገባም ብሎ በሩ ላይ ቆመ። እኔም ሳይታዩ አልሄድም ብዬ ቆምሁ። ጩኸታችንን ሰምቶ ባለሙያው ደብተሩን እንደያዘ ወጣ። ለጉዳይ ከመጣው ሰው መሀል ሰኞ ዕለት የሳቁብኝም ነበሩ፤ ወፍራሙም ሰውዬ አለ። በደንብ እንዲሰሙኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ ተናገርሁ።

«ሰኞ ያነበብኸው ሐሰት ነው፤ ያስጻፍሁት እኔ ነኝ። እነዚህ አምስቱ የእኔ ናቸው። ይቺ ባለጥጃዋ የልጄ ናት፤ በመህሯ ያገኘቻት ናት፤ እኔ የለኝበትም። የመንደሩንም ሰው አሳንሱ ያልሁት እኔው ነኝ። ጻፍ።»

እስኪብርቶውን አወጣ። ጽፎ እስኪጨርስ ከቆምሁበት አልተነቃነቅሁም።