ሳይታመሙ መተኛት

ገነቴን ቁጭ ብላ ያየ ሰው ሆሳዕና ከተማ ውስጥ ካለ ይምጣና ይመስክር። ጠዋት ታስተምራለች፣ ከሰዓት በኋላ ቤቷን ታገላብጣለች። ሠርግም ይሁን ለቅሶ፣ ድስቱ አጠገብ ቀድማ የምትገኘው እሷ ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ደግሞ ብሶባታል። "ገነቴ እኮ ብረት ናት" ሲባል ሰምታ እንዳልሰማ ታልፋለች፤ በልቧ ግን ያቺን ቃል እንደ ደመወዝ ትጠብቃታለች።

የብረቷ ሴት ደም ግፊት ከፍ ብሎ ተገኘ። ነርሷ መድኃኒቱን ከሰጠቻት በኋላ ጨው ቀንሺ አለቻት፣ ማታ ማታ እግርሽን ለብ ባለ ውሃ ንከሪ አለቻት። ይህ ሁሉ እሺ። "ደግሞ ከምሳ በኋላ ጋደም በይ። ስልክሽን አጥፊ፣ እግርሽን ትራስ ላይ ከፍ አድርጊ፣ በአፍንጫሽ አየር እየሳብሽ ቀስ ብለሽ አስወጪ። በየቀኑ።" ገነቴ ሳቀች። በቀን? ያውም በእግሯ የምትሄድ ሴት? አብራት የነበረችው ኮሌጅ የምትማር ልጇ ሐዳሳ ግን አልሳቀችም። "እማ፣ ካላረፍሽ አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ትወድቂያለሽ" አለቻት።

እናም ተኛች። መጀመሪያ ላይ ጣሪያ ጣሪያውን እያየች የቀረ ሥራዋን ስታሰላስል ሰዓቱ ያልቅ ነበር። ቀስ በቀስ ግን ሰውነቷ ለመደው፤ ትከሻዋ ይወርዳል፣ መንጋጋዋ ይላላል፣ የመንገዱ የባጃጅ ጩኸት እየራቀ ይሄዳል። እውነቱን ለመናገር ወደደችው። እያስተማረች ሳለ ያቺን ሰዓት መናፈቅ ጀመረች፤ መናፈቋም አሳፈራት። እሷ ራሷ ስንቷን ሴት "ቀን የምትተኛ" ብላ አምታለች!

ነገሩ የተበላሸው በበሩ ምክንያት ነው። በዚያ ሰፈር በቀን የተዘጋ በር ወሬ ነው። አንድ ቀን ጎረቤቷ አበራሽ ወንፊት ልትዋስ መጥታ አንኳኳች። ገነቴ ከአልጋዋ ተስፈንጥራ ተነሣች። ጸጉሯ ተጨፍልቋል፣ ጉንጯ ላይ የትራስ ምልክት ወጥቷል። መዋሸት አላሰበችም። እጇ ግን ቀደማት፤ ሻሿን አንስታ ግንባሯን ጥፍር አድርጋ አሰረችና በሩን ከፈተች።

"ምነው የሐዳሳ እናት፣ አሞሻል እንዴ?"

"ትንሽ ራሴን" አለች ገነቴ።

አለቀ። "ትንሽ ራሴን" በማግስቱ "ከአልጋ መነሣት አቅቷታል" ሆነ፤ ትንሽ ቆይቶ "ሐኪሞቹም ግራ ገብቷቸዋል" ተባለ። አበራሽ ክፉ ሴት አይደለችም፤ ብርቱካን ይዛ ተመለሰች፣ ለቅድስት አርሴማም ተሳለችላት። ገነቴም እንዲህ ከተወራላት ወዲያ ጠዋት ብድግ ብላ ማስተማር አልቻለችምና ፈቃድ ጠየቀች። ባልደረቦቿ ለስላሳ በሳጥን ይዘው መጡ። ወንድሟ የደረሰ እህሉን ማሳ ላይ ጥሎ ከጊምቢቹ በሚኒባስ ደረሰ፤ ሚስቱ በቡላ፣ በወተትና በቅቤ የሠራችውን አተካና አስይዛዋለች። ቅቤው ከላይ ተንሳፍፏል። ለግፊት የማይሆን ምግብ ነው፤ ግን እምቢ አይባልም። ወንድሟ ፊት ለፊቷ ተቀምጦ በስስት እያያት እስከ መጨረሻው በላች።

ከዚያ በኋላ ማረፍ የሚባል ነገር ቀረ። በምትጋደምባት ሰዓት ቤቱ ጢም ብሎ ይሞላል፤ እሷም ብርድ ልብስ ተከናንባ ታቃስታለች። ሐዳሳ ጓዳ ሆና በንዴት ብርጭቆ ታጥባለች፤ እንግዶቹ ሲሄዱ ወጥታ ትጠይቃታለች።

"ለምን እውነቱን አትነግሪያቸውም? ነርሷ እረፊ አለችኝ ማለት ያሳፍራል?"

ገነቴ ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ ሳበች። ያሳፍራል። ታሞ የተኛ ሰው ይከበራል፤ ለማረፍ ብሎ የተኛ ይታማል። ይህን ለልጅ እንዴት አድርገው ያስረዱታል?

ሐሙስ ዕለት የቤተ ክርስቲያኗ የጸሎት ቡድን መጣ። ሲዘመር፣ ሲጸለይ ገነቴ ዓይኗን እንደጨፈነች ነበር። "አሜን" ለማለት አፏ አልታዘዝ አላት። ሲጨርሱ የቡድኑ መሪ ሊዲያ እጇን ያዘቻት። "እህት ገነቴ፣ እግዚአብሔር ሰምቶናል። እሁድ ጉባኤ ፊት ቆመሽ ስለ ፈውስሽ ትመሰክሪያለሽ" አለቻት። ቀጥላም ወደ ግድግዳው እያመለከተች፣ "እማማ አስካለች ከሰኞ ጀምሮ ስለ አንቺ እየጾሙ ነው" አለች።

እማማ አስካለች ገበያ ላይ ቆጮ የሚሸጡ አሮጊት ናቸው። ወንበሩን ለሌሎች ትተው ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። ገነቴ እግራቸውን አየች። ቁርጭምጭሚታቸው አብጦ ከጫማቸው ተርፏል። በእነዚያ እግሮች፣ እህል ሳይቀምሱ፣ ዳገቱን ወጥተው የመጡት ለእሷ ነው። ያን ጊዜ ምድር ተሰንጥቃ ብትውጣት እሺ ትል ነበር። ልትናገር አፏን ከፈተች፤ "እግዚአብሔር ይባርክዎት" ብቻ ወጣ። ሌሊቱን ሙሉ ያንን ምርቃቷን እያሰበች ራሷን ስትጠየፍ አደረች።

በማግስቱ ነጠላዋን ተከናንባ ባጃጅ ያዘችና ወደ አሮጊቷ ቤት ሄደች። የገበያ ቀን ስላልነበር ቆጮ እየከተፉ አገኘቻቸው። ያወሩት በሀዲይኛ ነበር። በአማርኛ ቢሆን ነገሩን ታዞረው ነበር፤ የመሥሪያ ቤት ቃል አታጣም። በእናት ቋንቋ ግን መደበቂያ የለም።

"እማማ፣ ጾሙን ይተዉት።"

"ተሻለሽ?"

"አልታመምኩም ነበር። ግፊት አለብኝ፤ ነርሷ ቀን ቀን ጋደም በይ አለችኝ። ተኝቼ ሳለ ሰው መጣብኝና አፈርኩ። አመመኝ አልኩ።"

አሮጊቷ ቢላዋቸውን አስቀመጡ። "እኔ እኮ ሊዲያ ስትነግረኝ አልቅሻለሁ" አሉ። ተቆጥተዋል፤ መቆጣትም ይገባቸዋል። ገነቴ አንገቷን ደፋች። እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። እማማ አስካለች ግን ሌላ ነገር ጠየቁ።

"ሳያምሽ ነው የምትተኚው? እንዲሁ?"

"እንዲሁ።"

"እኔ በቀን የተኛሁት አራስ ሳለሁ ብቻ ነው። መውለድ ሳቆም እሱም ቀረ" አሉ። እጃቸውን ያበጠው እግራቸው ላይ አሳረፉ። "ስንቴ 'ጌታ ሆይ፣ ምናለ ትንሽ በታመምኩ' ብዬ ጸልያለሁ መሰለሽ። ታምሜ ልተኛ ብዬ። እንዲህ ያለ ጸሎት ያሳፍራል፤ ለማንም አልተናገርኩትም።"

ገነቴ ተነሥታ ወተት አሞቀችና ጾማቸውን አስፈታቻቸው። እምቢ እያሉ እግራቸውን ለብ ባለ ውሃ ነከረችላቸው። ከዚያ አልጋቸው ላይ ጋቢ አጣጥፋ እግራቸውን ከፍ አድርጋ አስተኛቻቸው።

"ሰው ይመጣል" አሉ፤ ወደ በሩ እያዩ።

"ይምጣ። እኔ ደጅ እቀመጣለሁ።"

ሰው መጣ፤ ሊዲያ ነበረች፣ የእሁዱን መርሐ ግብር ይዛ። ገነቴን ደጃፍ ላይ ስታይ ደስ አላት። "ተነሣሽ! እማማ የሉም እንዴ?"

"ተኝተዋል።"

"ውይ፣ አሟቸው ነው? ጾሙ ነው የጎዳቸው።" ስልኳን ከቦርሳዋ አወጣች። ገነቴ ያ ስልክ ሥራውን ሲሠራ ምን እንደሚሆን በደንብ ታውቃለች።

"አላመማቸውም። ጋደም ብለው ነው።"

"በቀን?"

ከውስጥ አልጋው ሲንቋቋ ተሰማ። አሮጊቷ ሊነሡ ነው። "ይተኙ እማማ" አለች ገነቴ ዞር ሳትል። ፊቷ እስከ ጆሮዋ ድረስ ነደደ። "ሊዲያ፣ እኔም አልታመምኩም ነበር። ተኝቼ ነው። እሁድም ጉባኤ ፊት ካቆማችሁኝ የምናገረው ይህንኑ ነው።"

ሊዲያ ስልኳን ዝቅ አደረገች። "ታዲያ ለምን ዋሸሽን?"

"ሰነፍ ትሉኛላችሁ ብዬ።"

ሊዲያ "አንልሽም" ልትል አፏን ከፈተች፤ ቃሉ ግን አልወጣላትም።